አሮጌው ሰዓትና የጊዝላን እጅ

ሚሉዳን ስንት ሰዓት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልስ ከማግኘቱ በፊት ራሱ መልስ መስጠት ነበረበት።

“በየትኛው?” ትላለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። “በአሮጌው ነው በአዲሱ?”

ካዛብላንካ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። መንግሥት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ከገፋው ወዲህ፣ ያንኑ ደግሞ ረመዳን ሲገባ ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ዒድ ሲያልፍ መልሶ እየገፋው፣ ሰዉ ሁለት ሰዓት በአንድ ኪስ ይዞ መዞር ለምዷል። ሠርግ የሚጠራህ ሰው “በአሮጌው ነው ታዲያ!” ይልሃል። የባንክ ቀጠሮ በአዲሱ ነው። ሌላው ሰው ግን፣ እያጉረመረመም ቢሆን፣ ቢያንስ የእጁን ሰዓት ያስተካክላል። ሚሉዳ አላስተካከለችም። ዓመት ከዓመት በአሮጌው ኖረች። ለሥራ ሲሆን በሐሳቧ አንድ ትጨምራለች፣ አለቀ።

ሰዓቱ የአባቷ ነበር። ሲ ቡዓዛ (“ሲ” እንደ “አቶ” ነው) ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ያረጁ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ፤ አዲሱ ሰዓት የታወጀ ዕለት ግን ብዙ ተናገሩ። “ፀሐይን ማን አማከራት?” አሉ። “እኔ ለቢሮ ሰዎች ብዬ ቀኔን አልገፋም።” እንዳሉትም ሳይገፉ ሞቱ። ሚሉዳ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትታ በራሷ እጅ ላይ አሰረችው። ትልቅ የወንድ ሰዓት ነው፣ ቀጭን አንጓዋ ላይ እየዞረ የሚያስቸግር። በጎኑ ያለችው መጠምዘዣ ደግሞ ትንሽና ደረቅ ናት፤ በእሷ ጣት አትወጣም። ደቂቃ ሲስትባት ሰፈር ያለው ሰዓት ሠሪ ጋ ትወስደዋለች፤ እሱም ሳይጠይቅ በአሮጌው ሞልቶ ይመልስላታል።

የሀይ ሙሐማዲ ሰፈር ጎረቤቶቿ “ሚሉዳ የያዘችውን አትለቅም” ይሏታል፤ ለሙገሳም ለሐሜትም ያገለግላል። ባሏ አጋዲር ከተማ ሥራ አግኝቶ እንሂድ ሲላት፣ የአባቴን ቤት ትቼ የትም አልሄድም ብላ ቀረች። እሱ ሄደ። አልጮኸችም፤ ሸሚዞቹን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሻንጣው ውስጥ አስተካክላ ሰጠችው። የአባቷ ወንበር እስከ ዛሬ በቦታው ነው፣ እንግዳ እንኳ አይቀመጥበትም።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ማላቀቅን እንጀራዋ ያደረገችው።

ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የተቃጠለ ሰው የሚታከምበት ክፍል አለ። ከዚያ ጀርባ ደግሞ ማንም ዝም ብሎ የማይገባባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ሚሉዳ እዚያ ቆዳ ታበቅላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በህዋሳት፣ ማለትም በሴሎች፣ የተሠራ ነው። ህዋሳቱ ጎን ለጎን እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ በእግራቸው ደግሞ የቆሙበትን ወለል ቆንጥጠው ይዘዋል። የተቃጠለው ሰው ጤነኛ ከቀረው ቦታው ላይ ቴምብር የምታህል ቆዳ ይቆረጥለታል። ሚሉዳ ያቺን ቁራጭ ኢንዛይም ውስጥ ትነክራታለች። ይሄኛው ኢንዛይም ዘመድ ባዳ አይልም፤ እጅም ይሁን እግር፣ ያገኘውን መያዣ ሁሉ ይቆርጣል፤ ህዋሳቱ ተበታትነው ይንሳፈፋሉ። ከዚያ አጥባ ሳህን ላይ ትዘራቸዋለች፣ ሙቀት ሳጥን ውስጥ አስገብታ ትመግባቸዋለች።

ብቻውን የወደቀ ህዋስ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይንፏቀቃል። ወደፊት እግር ይዘረጋል፣ ከኋላ የያዘበትን በራሱ ኢንዛይም ይቆርጣል፣ ገላውን ይጎትታል፣ እንደገና ይይዛል። ሁሉን ይዞ መሄድ የለም፣ ሁሉን ለቅቆም መሄድ የለም። ጎረቤት ሲያገኝ ይቆምና እጁን ይሰጣል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ስስ ቆዳ ለብሶ ይገኛል። ሚሉዳ ይህን ሁሉ በማይክሮስኮፕ እያየች አርጅታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ ራሷ ቤት አዙራ አላየችውም።

ከባዱ ግን ማንሳቱ ነው። ለማንሳት ሌላ ኢንዛይም አለ፤ እሱ ምርጫ ያውቃል። ወለሉን የያዘውን እግር ይቆርጣል፣ እጅ ለእጅ የተያያዘውን ይተወዋል፤ ቆዳው እንዳለ ተንሳፍፎ ይነሳል። ታዲያ እሱም በልኩ ነው። ሳህኑን ቶሎ ካወጣኸው መሐሉ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ስትስበው ይቀደዳል። ካዘገየኸው ደግሞ ጨዋነቱን ይረሳና እጆቹንም መብላት ይጀምራል፤ ወንፊት ታነሳለህ።

“በጉልበት የሚነሳ ቆዳ የለም” ትላለች ሚሉዳ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሏን ነርስ ሱካይናን። ሱካይና ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት፤ ሚሉዳን ግን በአክብሮት “ላላ”፣ እመቤት፣ ብላ ነው የምትጠራት።

“እንዴ ላላ ሚሉዳ፣ ለባልሽስ የትኛውን ኢንዛይም ነበር የሰጠሽው?”

“ለእሱ አላስፈለገም። መጀመሪያውንም አልያዘም ነበር።”

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሚሉዳ ትንሽ ቀድማ ታቆማለች።

አንድ ነገር ብቻ ሱካይና ሳትስቅ ተናግራት ነበር። ሚሉዳ ሥራ ስትጀምር የአባቷን ሰዓት ፈትታ ከምትሠራበት የመስታወት መከለያ ጎን ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። የግድግዳውን ሰዓት ግን ራሷ አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከታዋለች፤ አዲሱን ሰዓት ማየት ያናድዳታል። “ይሄ ነገርሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላል” አለቻት ሱካይና። ሚሉዳ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ስትጨምር አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም ነበርና።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ ትራሙ የሚቆምበት ጋ፣ ጊዝላን የምትባል ወጣት ምስምን ትሸጥ ነበር። ምስምን ማለት ሊጡ በዘይት እየተለጠጠ፣ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ የሚሳሳ፣ ከዚያ ተጣጥፎ በጋለ ብረት ላይ የሚጋገር ቂጣ ነው። ጊዝላን ስትለጥጠው ማየት ደስ ይላል። በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው የምትነካው፤ ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ሳብ፣ ቆንጠጥ አድርጋ ሳብ። አይቀደድባትም። ሚሉዳ ሁልጊዜ ጠዋት እሷ ጋ ቆማ ነው የምትበላው።

“አንድ ማር የተቀባ” ትላለች።

“በአሮጌው ዋጋ ነው በአዲሱ?” ትላታለች ጊዝላን።

“ባለጌ!”

“እኔማ በአንቺ ሰዓት ብኖር ደንበኞቼ ሁሉ አልፈውኝ ሥራ ገብተው ነበር።” ይህን እያለች ግን ትልቁን ቂጣ መርጣ ትሰጣታለች።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የጊዝላን ቡታጋዝ ፈነዳ። እሳቱ ፊቷን ማረላት፤ ከደረቷ እስከ ጭኗ፣ ቀኝ ትከሻዋን፣ ቀኝ እጇን እስከ ጣቶቿ ድረስ ግን አልማረላትም። መንገደኛ በጃኬቱ አፍኖ አጠፋላትና፣ ሰዎች መንገዱን ብቻ አሻግረው ሆስፒታሉ አስገቧት። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር በንዚክሪ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና አድርጎ፣ ያላትን ጥቂት ጤነኛ ቆዳ ደረቷና እግሯ ላይ ጨረሰው። ለትከሻዋና ለእጇ የሚሆን አልቀረም። እነሱን ከሌላ ሰው በተወሰደ ጊዜያዊ ቆዳ ሸፈናቸውና ቴምብር የምታህለዋን ቁራጭ ለሚሉዳ ላከላት።

ጊዝላን ስትነቃ ትኖሪያለሽ ብለው ሲነግሯት እንኳ ደስ አላላትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። “እጄ ሊጥ ይይዛል?” እናቷና ሁለት እህቶቿ የሚበሉት በዚያች እጅ ነው። ዶክተሩ እንደ ልማዱ “እናያለን” አላት። ሚሉዳ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ያን ዕለት ሳህኖቹ ላይ ስትዘራ አጠገቧ ማንም እንዲቆም አልፈቀደችም።

ረመዳን ገባ። ይህ ለሚሉዳ የድል ወር ነው። አገሩ በሙሉ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ እሷ ጋ ይመጣል። “አያችሁ?” ትላለች። “ጾም ሲመጣ ልብ ትገዛላችሁ።” አንድ መጨመር የለ፣ መቀነስ የለ፣ በየትኛው ብሎ መጠየቅ የለ። ወሩን ሙሉ ህዋሳቱን መገበች፤ እየተንፏቀቁ ተገናኙ፣ ተያያዙ። ዒድ ሲውል ሦስቱም ሳህኖች ሞልተው ነበር፤ ሁለቱ ለትከሻው፣ አንዱ ለእጁ።

ቅዳሜ ዕለት ዶክተር በንዚክሪ ከዒድ የተረፈ ኩኪስ እያኘከ መጣ። በማይክሮስኮፑ አጎንብሶ ብዙ አየ።

“ደርሰዋል” አለ።

“ደርሰዋል ዶክተር። ከነገ ማለፍ የለባቸውም፤ መደራረብ ይጀምራሉ።”

“ነገ እኮ እሑድ ነው።”

“እነሱ እሑድ አያውቁማ።”

ሳቀ። “እሺ፤ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እሸፍናለሁ። መጀመሪያ እጁን።”

“በሦስት ሰዓት፣ ኢንሻ አላህ” አለች ሚሉዳ።

በየትኛው ብላ አልጠየቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችውን፣ ያን ቀን አልጠየቀችም። ወሩን ሙሉ የሁሉም ሰዓት አንድ ነበር፤ መጠየቁ ከአፏ ወጥቶ ጠፍቶ ነበር። እሱም አልነገራት፤ ቀጠሮ ሲሰጥ ያሰበው የነገውን አዲሱን ሰዓት እንጂ የዛሬውን አልነበረም። ሰዓቱ የሚለወጠው ደግሞ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው።

እሑድ ትራሙ ባዶ ነበር። የሆስፒታሉ ዘበኛ ባ ሃምዱ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ “ዛሬስ አረፈድሽ ላላ ሚሉዳ!” አላት። እሷ ከሁሉ ቀድማ የምትገባ ሰው ስለሆነች የተለመደ ቀልዱ መሰላት። “ሻይህን ጠጣ አንተ” ብላው አለፈች። ስልኳን መልበሻ ክፍል ትታ፣ ልብሷን ቀይራ፣ እጇን ታጥባ፣ የአባቷን ሰዓት ሚስማሩ ላይ ሰቅላ ሥራ ጀመረች። ሳህኖቹን አጠበች። ኢንዛይሙን ጨመረች። ሦስቱንም ወደ ሙቀት ሳጥኑ መልሳ በሩን ስትዘጋ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

“ቆዳው የት አለ ላላ ሚሉዳ?” ሱካይና ነበረች። “ዶክተሩ ታጥቦ ቆሟል እኮ!”

“ምን ያስቆመዋል? ገና ሁለት ሰዓት ነው።”

በወዲያኛው በኩል የሱካይና ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። “ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቱ አድሮ ተቀይሯል።” ከዚያ ጮኸች። “ያ አላህ! የአባትሽ ሰዓት! ነገርኩሽ አይደለም? ነገርኩሽ!”

ሚሉዳ ክው አለች። ዞራ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየች።

ዶክተሩ ስልኩ ጆሮው ላይ እንዲያዝለት አደረገ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። “የድሮውን ሽፋን አንስቼዋለሁ። ቁስሉ ክፍት ነው፣ እየደማ ነው፣ ሰውነቷም እየቀዘቀዘ ነው። ስንት ደቂቃ?”

“ኢንዛይሙ አሁን ነው የገባው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል።”

“የለኝም። ሩብ ሰዓት እሰጥሻለሁ። እጁን አስቀድሚልኝ።” ስልኩ ተዘጋ።

እሱም አልተሳሳተም። ቆዳ የሌለው ሰው ሙቀቱን እንደተከፈተ ቤት ነው የሚያጣው፤ ጊዝላን ጠረጴዛው ላይ በቆየች ቁጥር ልቧ አደጋ ላይ ነበር። ሚሉዳ ይህን ታውቃለች። መደርደሪያው ላይ የመጀመሪያው ኢንዛይም፣ ያ ሁሉን የሚቆርጠው፣ አጠገቧ ተቀምጧል። ከእሱ ጥቂት ጠብታ ብትጨምር ቆዳው በደቂቃ ይለቅቃል። ጠርሙሱን አነሳችው። ይለቅቃል፣ ግን እርስ በርሱም ይላቀቃል፤ ለዶክተሩ ቆዳ ሳይሆን ሾርባ ትልክለታለች። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰችው።

ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ የመጀመሪያውን ሳህን አወጣች። ዳር ዳሩ ለቅቆ ተጠቅልሏል፣ መሐሉ እንዳለ ይዟል። ጊዜ ቢኖር መልሳ ታስገባው ነበር። በለስላሳ መፋቂያ ገፋችው፣ ለመነችው፣ በሆዷ ሰደበችው። መሐሉ ላይ ተተረተረ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ፤ ትንሽ ይሻላል እንጂ። ቁርጥራጩን ቅባት በተቀባ ጎዝ ላይ አሳርፋ ለሱካይና በመስኮቱ ሰጠቻት። ሦስተኛውን አልነካችውም።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

“ምንድነው ይሄ?” አለ ዶክተሩ። “የእጁ ነው?”

“የትከሻው ነው።”

“እጁን አስቀድሚ ነው ያልኩሽ!”

“እጁን አሁን ካነሳሁት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ትከሻውን ይሸፍኑበት፤ እጁን እርጥብ ጎዝ አልብሰው ይጠብቁኝ።”

“አንቺ ነሽ ደግሞ የምታዢኝ? በአንቺ ጥፋት ሰው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ?”

“ጥፋቱ የእኔ ነው ዶክተር። ስድቡን ኋላ ቆሜ እቀበላለሁ። አሁን ትከሻውን ይሸፍኑ፣ ለአላህ ብለው።”

“ሙቅ ብርድ ልብስ ጨምሩላት” አለ ለሌላ ሰው። ከዚያ ዘጋው።

ትከሻው ሲሸፈን የሚያልፈው ጊዜ የእጁ ጊዜ ነበር። ሚሉዳ ሙቀት ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ሰዓቱ ከሚስማሩ ላይ ያያታል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከዚያ ወዲያ የምታምነው ማይክሮስኮፑን ብቻ ነበር፤ ሳህኑን አንዴ አውጥታ አየች፣ ከዳር ያሉት እግራቸውን ሰብስበዋል፣ ከመሐል ያሉት ገና ቆንጥጠዋል። መለሰችው። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳችውም። ጮኾ ጮኾ አቆመ። በኋላ ስታየው የመሐሎቹም ለቅቀዋል፣ እጆቻቸው ግን እንደተያያዙ ናቸው። ሳህኑን ስታዘነብለው ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ሳይነካካ ተንሳፈፈ።

ጎዙ ላይ አሳረፈችው። ሱካይናን አልጠበቀችም። ከዚያች ክፍል በሥራ ሰዓት ወጥታ የማታውቀው ሴት በሥራ ጫማዋ ኮሪደሩን ሮጠች፣ ቀዶ ጥገናው በር ላይ ሰጥታ ቆመች። በመስታወቱ በኩል ዶክተሩ ተቀብሎ ሲያጎነብስ አየች። ቀና ብሎ አላያትም።

ፋሻው የተፈታ ቀን የእጁ ቆዳ ይዞ ነበር። ስስ፣ ሮዝ፣ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ጫፍ። ትከሻው ሌላ ነገር ነው። በተቀደዱት ቁርጥራጮች መሐል ክፍተት ቀርቶ ነበር። ከየቁርጥራጩ ጠርዝ ህዋሳቱ እየለቀቁ እየያዙ ተንፏቀቁ፤ ጠባቡን ክፍተት ዘጉት። ሰፊውን አልቻሉትም። አመረቀዘ፣ ዳነ፣ ሲድን ደግሞ ጠባሳው እየወፈረ፣ እየጠነከረ፣ ክንዷን ወደ ታች ያዘው።

ዶክተር በንዚክሪ ሚሉዳን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩን ዘግቶ፣ የሚባለውን ሁሉ አላት። ቆማ ተቀበለች። የግድግዳውን ሰዓት ራሷ ከቁም ሣጥን አውጥታ ሰቀለችው። ሱካይና ስለ አባቷ ሰዓት መቀለድ ተወች፣ ይህ ደግሞ ከስድቡ ሁሉ ይበልጥ አመማት። ሰዓቱን ግን አላስተካከለችውም። ሰዓት ሠሪው ጋ ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቅም።

ለጊዝላን ማንም አልነገራትም።

በበጋው፣ ጊዝላን እጇን ለማፍታታት ወደ ሆስፒታሉ በምትመላለስበት ጊዜ፣ ሚሉዳ ከሌላ ሻጭ ምስምን ገዝታ ይዛላት ሄደች። ጊዝላን የማፍታቻው ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ሳህን ላይ ከተበተኑ አዝራሮች ጋር ትታገል ነበር። መዳፏን ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች፤ ቆንጥጦ ማንሳቱ ግን አልሆነም። አዝራሩ ከአውራ ጣቷና ከሌባ ጣቷ መሐል እየሾለከ ይወድቃል። ምስምኑን በግራ እጇ ቆርሳ ቀመሰችው።

“ይሄ ምስምን ነው ካርቶን?”

“ምን ላድርግ፣ ደህናዋ ሻጭ እዚህ ተቀምጣ አዝራር ትጫወታለች።”

ጊዝላን ፈገግ አለች። ከዚያ አዝራሮቹን ገፋ አደረገች። “ላላ ሚሉዳ፣ ቆዳው ከአንድ ቁራጭ የበቀለ ነው ብለሽኝ የለ? ታዲያ እጄ እንዲህ ሆኖ ትከሻዬ ለምን እንዲህ ሆነ? ዶክተሩን ብጠይቀው የአላህ ሥራ ነው አለኝ።”

በዚሁ ሊቀር ይችል ነበር። ዶክተሩ በሩን ዘግቶላታል፣ አለመክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

“አላህን እዚህ ውስጥ አታስገቢው” አለች ሚሉዳ። “የእኔ ሥራ ነው።” ነገረቻት። ቅዳሜውን፣ ያልጠየቀችውን ጥያቄ፣ የባ ሃምዱን ቀልድ፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት፣ የተተረተረውን ቆዳ። ለራሷ የሚያዝን ቃል አልጨመረችም።

“ትከሻዬን የበላው የአባትሽ ሰዓት ነው በይኛ።”

“እኔ ነኝ። ሰዓቱ ምን ያውቃል።”

ጊዝላን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትራም መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ። “ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት አልችልም” አለች በመጨረሻ። “ፀጉሬን እናቴ ናት የምታበጥረኝ። እንደ ሕፃን።”

ሚሉዳ የወደቁትን አዝራሮች እየለቀመች ወደ ሳህኑ መለሰች።

“አምጪው” አለች ጊዝላን።

“ምኑን?”

“ሰዓቱን ነዋ!”

ለሚሉዳ ጊዝላን በመስኮት ልትወረውረው የፈለገች መሰላት፤ ብትወረውረውም አትናገራትም ነበር። ማሰሪያውን ፈትታ ሰጠቻት። ጊዝላን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በግራ እጇ ያዘችው፣ በቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ ያቺን ትንሽ ደረቅ መጠምዘዣ ፈለገች። ሾለከባት። እንደገና ሞከረች፤ ሾለከባት። “ወይ ጣጣ!” አለች በንዴት። ጣቶቿን ምስምኑ ላይ በቀረው ዘይት ነካ አደረገች፣ መልሳ ደግሞ ዘይቱን በቀሚሷ ጠረገች፣ ምን እንደፈለገች ራሷም አላወቀችም። ከዚያ ጫን ሳትል፣ የሊጥ ጠርዝ እንደምትይዘው አድርጋ ቆነጠጠችና ሳብ አደረገች።

ቀጭ ብላ ወጣች።

ጊዝላን ጣቶቿን አየች፣ ሚሉዳን አየች።

“አንድ ሰዓት ወደፊት አይደል?”

“አንድ ሰዓት” አለች ሚሉዳ፤ እንባዋን አልደበቀችውም።

ጊዝላን ቀስ እያለች ጠመዘዘች። በጠመዘዘች ቁጥር አዲሱ ቆዳ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጣ ይላል፣ ስትለቀው መልሶ ሮዝ ይሆናል። መጠምዘዣውን ወደ ውስጥ መለሰችና ሰዓቱን ዘረጋችላት።

“እንኪ። አሁን እንደ ሰው ሆንሽ።”

ሚሉዳ ተቀብላ አሰረችው። ስንት ሰዓት እንደሚል አላየችም፤ ጊዝላን ከሳህኑ ውስጥ አንድ አዝራር ቆንጥጣ ስታነሳ እያየች ነበር።